ሳያስፈቅድ የተናገረ ሆድ

መሥሪያ ቤታችን ሥርዓት አክባሪ መሆኑን ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ሲናገሩ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያስበውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያጨበጭባል። በዚህ በጎ ልማድ ላይ አደጋ ያደረሰው የመኪና ስምሪት ሠራተኛው ነው።

ሰውዬው አንጀቱን ታሞ በቀዶ ጥገና ከሞት ተርፏል። ሐኪሞቹ ከእምብርቱ በስተግራ ቀዳዳ ከፈቱለት፤ ከዚያ የሚወጣው በሸሚዙ ሥር በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። ሚስቱ ቆዳው ላይ የሚለጠፈውን የከረጢቱን ክብ ማጣበቂያ በቀዳዳዋ ልክ በመቀስ ትቆርጥለታለች። እሱም ዙሪያውን ለብ ባለ ውኃ ያጥባል፣ ከረጢቱን ሳይሞላ ያራግፋል። ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ደመወዝ ስለሆነ ቁስሉ እንደጠገገ ሥራ ገባ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የስብሰባውን ሥርዓት አላማከረም።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ «ዘንድሮ ያስመዘገብነው አመርቂ ውጤት» ሲሉ ቀዳዳዋ ጡርርር አለች። አዳራሹ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ደገሙት። እሷም ደገመችው። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልሆነለትም።

በጭብጨባ ማንም የማይቀድማቸው ምክትል ሥራ አስኪያጅ የዲሲፕሊን ኮሚቴውን በዚያው ቀን ሰበሰቡ።

«ለምን አልያዝከውም?»

«መያዣ ጡንቻ የላትም፣ ጌታዬ። እኔንም አትሰማኝ።»

«ታዲያ ውጤት ሲባል ጠብቃ ነው እንዴ የምትጮኸው?»

«ለስብሰባው ስል ቁርስ ሳልበላ ስለምመጣ ይመስለኛል። ባዶ ሆድ ንፋስ ያበዛል።»

«ይሰናበት» አሉ ምክትሉ።

ሰውዬው የልጆቹን ነገር አንስቶ ለመነ። ሥራ አስኪያጁ ግን ሆደ ሰፊ ናቸውና ቅጣቱን አቀለሉለት፤ ከእንግዲህ በማናቸውም ስብሰባ እንዳይገኝ ታገደ።

ቅጣቱን በጽናት ተቀበለ። ሰኞ ሰኞ እኛ መዳፋችን እስኪቀላ ስናጨበጭብ፣ እሱ ቁርሱን በልቶ መኪኖቹን በሰዓታቸው ያሰማራል። ድሮ ወንበራችንን ከእሱ እናርቅ የነበርን ሰዎች አሁን በአዳራሹ መስኮት እያየነው በቅናት አንጀታችን ያርር ጀመር።

አንድ ዓርብ ምክትሉ ግራ ቀኙን አይተው ስምሪት ክፍል ገቡ። መኪና ስጠብቅ ጥግ የተቀመጥኩትን እኔን እንደ ዕቃ ቆጥረው በሩን ዘጉ።

«ወንድሜ፣ ትርፍ ከረጢት አይኖርህም?»

«ለምንዎ?»

«ለሰኞ።»

«ከረጢቱ ብቻውን እኮ አይጮኽም፣ ጌታዬ።»

«እሱ ግዴለም» አሉ ምክትሉ፣ «ድምፁን በአፌ አወጣዋለሁ።»