የሚነዝር ሰላምታ

[የሆቴል መግቢያ። ከመስታወት በሩ እስከ ደረጃው አዲስ የናይሎን ምንጣፍ ተነጥፏል። በረኛው የደረጃውን የብረት መደገፊያ ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ የሚስቱ ወንድም አለ፤ የሆቴሉን አምፖል የሚቀይረው እሱ ነው፤ ቤተሰቡ “ሊቁ” ይለዋል።]

በረኛው፦ ሽማግሌውን እንግዳ አልቆነጠጥኳቸውም አልኩህ!

ሊቁ፦ ቆንጥጠሃል ማን አለህ? ነዝረሃቸዋል ነው ያልኩት።

በረኛው፦ ምን በወጣኝ ሽማግሌ እነዝራለሁ? “እንኳን ደህና መጡ” ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው ዘለው ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ሊቁ፦ ከሳቸው በፊትስ?

በረኛው፦ አንዲት ሙሽራ። እሷ እንኳ ጮኸች እንጂ አልተቀመጠችም። አሁን ሥራ አስኪያጇ “ዛሬ ስገባ ራሴ እጨብጥሃለሁ፤ ከነዘርከኝ የደንብ ልብስህን አውልቀህ ትሄዳለህ” ብለውኛል። እህትህን በምን ዓይኔ ላያት ነው?

ሊቁ፦ እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅሃል? ፊዚክስ ነው። ምንጣፉ ናይሎን፣ ጫማህ ጎማ። ሲፋተጉ ቻርጅ ይጠራቀማል።

በረኛው፦ የት?

ሊቁ፦ አንተ ላይ።

በረኛው፦ ጠዋት ታጥቤያለሁ እኮ።

ሊቁ፦ እድፍ አይደለም! ካፓሲተር ታውቃለህ?

በረኛው፦ የስንት ቁጥር እንግዳ ናቸው?

ሊቁ፦ ዕቃ ነው! ሁለት ቆርቆሮዎች ተፋጠው ይቆማሉ፤ አይነካኩም። መሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር አለ። ቻርጁ እዚያው ታምቆ ይቆይና መንገድ ሲያገኝ፣ የሰው እጅም ይሁን ብረት፣ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

በረኛው፦ ገባኝ። እናትህና እኔ፤ መሃላችን እህትህ።

ሊቁ፦ እናቴን ተዋት! አንዱ ቆርቆሮ አንተ ነህ፤ ሌላው ወለሉ፤ መሃል ያለው የጫማህ ጎማ ነው።

በረኛው፦ ቆርቆሮ ከሆንኩ ጉልበቴን ለምን ያመኛል?

ሊቁ፦ [ተንፍሶ] በቃ፣ በተግባር ላሳይህ። አካሄድህ እንዲህ ነው። [በጎማ ጫማው ምንጣፉን እየጎተተ ከበሩ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ በሩ ይመላለሳል።] እግርህን ስትጎትት ይጨምራል፤ ስትጎትት ይጨምራል!

በረኛው፦ እኔም ልምጣ?

ሊቁ፦ አንተ ብረትህን ተደግፈህ ተማር!

በረኛው፦ እሺ። አሁን ብዙ ሆነ?

ሊቁ፦ ምኑ?

በረኛው፦ አንተ ላይ ያለው።

ሊቁ፦ እኔ ላይ ምን ሊሠራ? እኔ እኮ እያስተማርኩ ነው!

በረኛው፦ ውይ፣ ይቅርታ። አስተማሪን እንደማይዝ አላወቅኩም።

[የመስታወቱ በር ይከፈታል። ሥራ አስኪያጇ ቀኝ እጃቸውን ወደ በረኛው ዘርግተው ይገባሉ።]

ሊቁ፦ አንተ እንዳትነካቸው! መጀመሪያ እኔ ላስረዳቸው። እመቤቴ፣ ጉዳዩ እንዲህ ነው...

[ቀድሞ እጃቸውን ይጨብጣል። ጧ! ሥራ አስኪያጇ “እናቴ!” ብለው ይዘላሉ፤ መነጽራቸው ምንጣፉ ላይ ይወድቃል። እጃቸውን እያሹ፣ በፍርሃት፣ በጣታቸው ጫፍ ብረቱን እንደተደገፈ የቆመውን በረኛ እጅ ይነካሉ። ምንም የለም። አጥብቀው ይጨብጡታል። ምንም። ቀስ ብለው ወደ ሊቁ ይዞራሉ።]

ሊቁ፦ እመቤቴ፣ እኔ አይደለሁም! ምንጣፉ ነው!

[ሥራ አስኪያጇ የሊቁን የደንብ ልብስ፣ ቀጥሎ በሩን በጣታቸው ያሳያሉ። በረኛው በሩን ይከፍትለታል።]

በረኛው፦ አይዞህ፣ ለእህትህ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። [ሊቁ ሊሰናበተው እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።] መጨባበጡ ግን ይቅርብን፤ አስተምረኸኛል።