ክስ የጣማቸው ጋሽ ሸምሱ

ክስ የጣመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በስደት አገር፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ የሚነግዱት ጋሽ ሸምሱ እንደዚያ ናቸው። በኮሮናው ጊዜ «የመጤዎችን ሱቅ አቃጥሉ» እያለ የሚቀሰቅስ ቡድን በጥላቻ ንግግር ከሰው ረቱ። ደግ አደረጉ፤ እኛም ሱቃችንን ያለ ስጋት ከፈትን።

ከዚያ ግን በዕድር ስብሰባ ላይ ከድር የሚባል ጎረቤታችን፣ «ጋሽ ሸምሱ፣ ንግግር አበዙ» አላቸው። በማግስቱ እኔን አስከትለው ጠበቃቸው ዘንድ ሄዱ።

«ይህም የጥላቻ ንግግር ነው፤ ክሰሺልኝ!»

«ምቱት ብሏል?» አለች ጠበቃዋ።

«ኧረ አላለም።»

«ሱቁን አቃጥሉ ብሏል?»

«የለም።»

«ታዲያ እሱን ዝም ካሰኘነው፣ ነገ እርስዎንስ ዝም ቢያሰኙዎት?»

ጋሽ ሸምሱ አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው ይናገር» አሉ።

ስንወጣ ግን ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ንግግር አበዛለሁ?»

እኔም የመናገር ነጻነቴን ሳልጠቀምበት ቀረሁ።