የዓሣ ነባሪው ጥርስ ምስክርነት

(ቤተ ሙከራ። ሊቁ ነጭ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የማሽኑን ውጤት ያገላብጣል። ረዳት አድርጎ ያስቀጠረው የሚስቱ ወንድም፣ አማቹ፣ አጠገቡ ቆሟል።)

አማቹ፦ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚውል እንስሳ ይጠማዋል እንዴ ጋሼ?

ሊቁ፦ ይጠማዋል አልኩህ፣ ይጠማዋል! የጥንቱ ዓሣ ነባሪ በእግሩ የሚሄድ ነበር። ጥያቄው የጠጣው የባሕር ውሃ ነው ወይስ የወንዝ የሚለው ነው።

አማቹ፦ ሞቶ የለም እንዴ? ማን ይነግርሃል?

ሊቁ፦ ጥርሱ! ኦክስጅን ቀላልና ከባድ አለው። የወንዝ ውሃ ውስጥ ቀላሉ ይበዛል። ጥርስ ሲያድግ ባለቤቱ የጠጣውን ይዞ ይቀራል። ገባህ?

አማቹ፦ ገብቶኛል። ግን ቀላሉን እየጠጣ እንዴት እንደዚያ ወፈረ?

ሊቁ፦ ወይ ጣጣ! እህትህን ባላገባ ኖሮ እዚህ ደጅ አትደርስም ነበር። ለመሆኑ ጥርሱን በደንብ አድቅቀኸዋል?

አማቹ፦ ዱቄት አድርጌዋለሁ።

ሊቁ፦ ስማ እንግዲህ! (እያነበበ) ወንዝ ዳር ተወለደ። የእናቱን ጡት ቶሎ ተወ። ጨው አይወድም። ይህ ሲታተም የክፍሉ ኃላፊነት ከእኔ አያልፍም!

አማቹ፦ ይህን ሁሉ ዱቄቱ አወራ?

ሊቁ፦ ጆሮ ላለው ያወራል!

(ስልክ ይጮኻል። ሊቁ ያዳምጣል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል።)

ሊቁ፦ ጥርሱን ያዋሱኝ የሙዚየም ሰዎች ሊወስዱት መጥተው ደረጃው ላይ ናቸው።

አማቹ፦ አድቅቀው ብለኸኝ!

ሊቁ፦ ትንሽ ፋቅ አድርግ ማለቴ...

አማቹ፦ «ሙልጭ አድርገህ አድቅቀው» ነው ያልከኝ።

ሊቁ፦ አንድ ለእናቱ የሆነውን ጥርስ! አለቀልኝ! ስማ፣ «ሳላስፈቅድ ያደቀቅሁት እኔ ነኝ» በላቸው። አንተ ብትባረር ማን ያውቅሃል?

አማቹ፦ (ከኪሱ ጡጫ የሚያህል ጥርስ አውጥቶ) ኧረ አታልቅስ። ይኸውልህ።

ሊቁ፦ (ጥርሱንም አማቹንም እየሳመ) የእናቴ ልጅ! አልነካኸውም?

አማቹ፦ እንደ ድንጋይ ጠጠረብኝ። ሙቀጫው ሊሰነጠቅ ሲል ተውኩት።

ሊቁ፦ (መሳሙን አቁሞ) ቆይ... ታዲያ ማሽኑ ያነበበው የምኑን ዱቄት ነው?

አማቹ፦ የጠመኔ። ከሰሌዳህ ሥር አነሳሁ። ነጭ ነው፣ ቶሎም ይደቃል።

ሊቁ፦ ጠመኔ?! እና... ወንዝ ዳር የተወለደው...

(በሩ ይንኳኳል። ሊቁ ወረቀቱን አፉ ውስጥ ይወትፋል።)

አማቹ፦ አትቀየመኝና ጋሼ፣ ዕድሜህን ሙሉ ያስተማርክበትን ጠመኔ አላወቅኸውም፤ ዓሣ ነባሪውን ግን እናቱን ሳይቀር አወቅሃት!