የእትዬ ወይንሸት ምስክርነት

የሰው ጠባይ ማጣራት በኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። ልጃገረድ ለትዳር ስትፈለግ የወንዱ ዘመዶች ጎረቤት ጠጋ ብለው ይጠይቃሉ፤ ጎረቤትም ያለ ማኅተም፣ ያለ ደብዳቤ ቁጥር መልሱን ይሰጣል። እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ደግሞ ፈተናውን ሳታጠና ታልፋለች። ከቤት ስለማልወጣ ጨዋ ተብያለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የማልወጣው የማነበው መጽሐፍ ልብ ሰቃይ ቦታ ላይ ደርሶ ነው።

ታዲያ ከልደታ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የልጆች ንባብ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረት የሚያነብ በጎ ፈቃደኛ ትፈልጋለች ሲባል ልቤ ዘለለ። ከአዋቂ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅተኝ እኔ፣ ለልጆች ሳነብ አንበሳውንም ጦጣውንም እሆናለሁ። ሥራውን ከምንም በላይ ፈለግሁት።

አስተባባሪዋ ቤዛ ግን «ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ይጣራል» አለችኝ። አሥሩንም ጣቶቼን አሻራ ሰጥቼ ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት አመጣሁ። የቀረው የጎረቤት ምስክር ነው። ግድግዳ የምንጋራቸውን የእትዬ ወይንሸትን ስልክ ሰጠሁ። ለእሳቸውም «ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ይደውልልዎታል» አልኩና፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግራቸው አፍሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጥፋቱ ይኸው ነው። ለእትዬ ወይንሸት ስለ ሴት ልጅ የሚጠይቅ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

«ድምጿ አይሰማም፤ ባለሙያ ናት፤ ወንድ ቀና ብላ አይታ አታውቅም» አሏት፣ ቤዛ ስትደውልላቸው። (ባለሙያ ያሉኝ በእንቁላል ጥብሴ ከሆነ ይቅር ይበላቸው።)

«ከልጆች ጋርስ እንዴት ናት?»

«ኧረ ትወልዳለች! ዘራቸው ወላድ ነው። ይልቅ ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

ቤዛ ስቃ ስቃ ስታበቃ ምስክሬን በአካል እንዳመጣ ነገረችኝ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው እትዬ ወይንሸት «ሠርግ የለም ማለት ነው?» ብለው አዘኑ፤ ቢሆንም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውኝ ሄዱ። የጎረቤት ልጅ ሊያስከብሩ ነው፤ ተዘጋጅተዋል።

ቤዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው። «የልጅ ልጅዎን ከሷ ጋር ብቻውን ትተው ይሄዳሉ?»

ዞር ብለው አዩኝ።

«እንጃ። ሃያ አራት ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ልጅ ስታጫውት ግን አይቻት አላውቅም። ምን ብዬ ልማል?»

አለቀልኝ አልኩ። ቤዛ ግን ያላየውን አይቻለሁ የማይል ምስክር ለወራት ስትፈልግ የኖረች ይመስል ደስ አላት፤ ለጊዜው ሌላ አዋቂ ክፍሉ ውስጥ እየተቀመጠ እንዳነብ ወሰነች።

«እኔ እቀመጣለሁ!» አሉ እትዬ ወይንሸት።

«እንግዲያው እርስዎም ይጣራሉ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

እያጉረመረሙ ለአሻራ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ወረፋው ረጅም ነበር። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ገብተው በሁለተኛው ዓመት ማቋረጣቸውን፣ ያንን ፊደል ዛሬም በታክሲ ታፔላ ላይ እየፈለጉ እንደሚያነቡ የሰማሁት እዚያ ቆመን ነው። እኔም የአንበሳውን ድምፅ አሰማኋቸው፤ ወረፋው ሁሉ ዞረ።

የጎረቤት ምስክር ብለው ያስመዘገቡት እኔን ነው። በማግሥቱ ቤዛ፣ ደንብ ነውና፣ እንደማታውቀኝ ሆና ደወለች።

«ወይዘሮ ወይንሸትን ያውቋቸዋል?»

የሙገሳው መዓት ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ዋጥኩት።

«ገና መተዋወቃችን ነው» አልኳት።