የዶክተር ስሎተር ስም

በየትኛውም የእንግሊዝ ሰፈር የሰው ስም ሰምቶ ዝም ማለት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛዋ የዮርክሽር ከተማ ይህን መንበር የያዙት ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ክቡር ኸርበርት ኦግደን ናቸው። አርባ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉን ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የየቤተሰቡን ስም ትርጉም ማደል ጀመሩ። «ስምህ ዝም ብሎ አልመጣም!» ካሉ ማምለጫ የለም።

አዲሷን የባንክ ሠራተኛ ሚስ ክሩክሻንክን፣ «ስምሽ እግረ ቆልማማ ማለት ነው፤ ቅድመ አያትሽ እንዲያ ነበር» ብለው፣ ተሰላፊው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እግሯን እንዲያይ አደረጉ። በእኔ በዎከር ሠርግ ላይ ደግሞ አማቶቼ ፊት ብድግ ብለው፣ «የዎከር ዘሮች ሱፍ ጨርቅ እየረገጡ የሚያጠብቁ ነበሩ። የሚነከረውም በከረመ ሽንት ነው!» አሉ። አማቴ የጎረሰችውን ኬክ መዋጥ አቃታት።

ባለፈው መጋቢት ባለቤቴ ዶሪን ለልብ ቀዶ ሕክምና ገባች። የሐኪሟን ስም የሰማሁት አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት ነው። ዶክተር ስሎተር! በእንግሊዝኛ እርድ ማለት ነው። በስም ምክንያት ሐኪም እንደማይቀየር አውቃለሁ፤ ሆዴ ግን አልሰማ አለኝ።

ይባስ ብሎ አቶ ኸርበርት የእንቁላል ሳንድዊች ይዘው ከተፍ አሉ።

«ሐኪሙ ማን ይባላል?»

«ኧረ አቶ ኸርበርት፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ!»

«ስሙን በለኝ እንጂ።»

«ስሎተር።»

መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉ።

«የቦታ ስም ነው» አሉ። «በድሮው እንግሊዝኛ ረግረግ፣ ጭቃማ ቦታ ማለት ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በስም ቀልጄ አውቃለሁ?»

አምስት ሰዓት ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከመቀመጫዬ እዘላለሁ፤ እሳቸው እጅጌዬን ይዘው፣ «ጭቃ ነው ዎከር፣ ጭቃ ብቻ» ይሉኛል። በመጨረሻ ዶክተሩ ወጥቶ፣ «ልቧ ደህና እየመታ ነው» ሲለኝ በአቶ ኸርበርት ካፖርት ላይ አለቀስኩ።

ዶሪን ቤት ከገባች በኋላ ትርጉሙን በጽሑፍ ላሳያት ብዬ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጭቃማ ቦታ፤ እውነት ነው፣ ተጽፏል። ከሥሩ ግን ሁለተኛ ምንጭ አለ፤ አራጅ።

አቶ ኸርበርትን ጽጌረዳ ሲገርዙ አገኘኋቸው።

«ሁለተኛውን አያውቁትም ነበር?»

«አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን…?»

«እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበራ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ቀጥለውም፣ «ዶሪን ምሳ በልታለች?»