ሐጂ ዑመር እና ያላለቀው ገበያ

ያላለቀ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ጎረቤቱ ቤት ሲያሠራ ሳይጠራ ይመጣል። ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ይዞራል፤ ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ ይቆምና «ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት ሊሄድ ነው?» ይላል። ባለቤቱ ይቆጣል። ክረምት ሲገባ ውሃው ሳሎን ድረስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሰላምታ ይቀዘቅዛል፤ ልክ ሆኖ የተገኘን ሰው ይቅር የሚል የለምና።

የደብረ ታቦሩ ሐጂ ዑመር ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ በሠላሳ ዓመት ንግዳቸው ጆንያ ከላይ ብቻ አይተው የገዙበት ቀን የለም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ይሰዱና ከታች ያለውን ስንዴ ዘግነው ያወጣሉ። በመዳፋቸው ያሹታል፣ እፍ ይሉታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ሻጩ ይህን ሁሉ ቆሞ እያየ ላብ ያጠምቀዋል። «የጆንያ አፍ አይታመንም» ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ።

ለእኒህ ሰው ነው እንግዲህ ትዝታ በገዛ እጇ ያላለቀ ጨዋታ የሰጠቻቸው።

ትዝታ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዲት የኪራይ ክፍል ሳትወጣ «ገበያ ዋልኩ» የሚባል የስልክ ጨዋታ ስትሠራ ከርማለች። ተጫዋቹ አህያ ጭኖ ገበያ ይወጣል፣ እህል ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ ይገባበታል። ዱሮ ያላለቀ ነገር ለሰው ማሳየት ነውር ነበር፤ ያልበሰለ ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም። ጨዋታ ሠሪዎች ግን ነውሩን ደንብ አደረጉት። ግማሹን ሠርተው ለተጫዋቹ ይሰጡና «እስኪ የት ላይ እንደሚሰበር ንገሩን» ይላሉ። ምስኪኑ ሞካሪም አምስት ሳንቲም ሳያገኝ ሲለፋ ይውላል፤ ደግሞ ደስ ይለዋል።

ትዝታ ከደብረ ታቦር፣ ከሐሙሲትና ከይፋግ አርባ ሞካሪ ሰብስባ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙ «አሪፍ ነው፣ በርቺ» ይሏታል። አርባኛው ሐጂ ናቸው።

ሐጂ መጻፍ አይወዱም፤ በቴሌግራም ድምፃቸውን ይልካሉ። «ቢስሚላህ። ትዝታ፣ ደህና ነሽ ወይ? እናትሽ ደህና ናት ወይ? ወንድምሽስ? ዝናቡ በናንተ በኩል እንዴት ነው?» ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ከተማ ውስጥ ነው፤ ዝናቡም ያው አንድ ዝናብ ነው። እንከኑ የሚመጣው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስለሆነ ትዝታ እስከዚያ ድረስ ትጠብቃለች።

«አህያዬ ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር ውሃ አልቀመሰችም። ዝም ብላ ነው የምትሄድ። ለአላህ ምን ብለሽ ልትመልሺ ነው?»

ውሃ ጨመረችበት። በሳምንቱ ሌላ መጣ። «ሻጩን ዋጋ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ግማሹን ልስጥህ አልሁት፤ እሺ አለኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ አላህ አልፈጠረም። ሰውየው ታሟል፣ አሳክሚው።» ሻጮቹን ክርክር አስተማረቻቸው። ደግሞ ሌላ መጣ። «ስከራከረው፣ ስከራከረው ዋጋው ከባዶ በታች ወረደና ሻጩ ራሱ ገንዘብ ጨምሮ ሰጠኝ። አሁን አሥራ አራት አህያ አለኝ። ሐራም ነው፤ ልመልስ ብል የሚቀበለኝ የለም። እሱም እንከን ነው፣ ጻፊው።» መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነው፦ «እንዲያው ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

የጆንያውን ሥር በእጅ መፈተሻ ያስጨመሯትም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በቀር የነካው ሰው የለም። ገበያ ሊበተን ሲል ሻጮቹ ዋጋ እንዲቀንሱም አስደርገዋታል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ጭነቱን ይዞ መመለስ አይወድምና። በዚህኛው ትዝታ ራሷ ኮርታበት ነበር። ባለፈው ወር ደግሞ አሥር ሰው በአንድ ደቂቃ አንድ ላይ ሲገዛ ጨዋታው ድርግም ብሎ ሲጠፋ ቀድመው የደወሉላት ሐጂ ነበሩ። ያንን እስካሁን ማዳን አቅቷታል። የሐጂ ስም ስልኳ ላይ ብቅ ሲል ስልኩን ገልብጣ ማስቀመጥ ጀምራለች።

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ የመጣ መልእክት ደረሳት። አንድ ድርጅት ጨዋታውን ሊያሳድግላት ፈልጓል። ቅዳሜ ሁለት ሰዎች መጥተው ያያሉ፤ አርባ ሰው አንድ ላይ ገብቶ፣ ማንም ምን አድርጉ ሳይላቸው፣ አንድ ሰዓት የሚቆየው ገበያ ከመከፈት እስከ መበተን ሳይጠፋ፣ ሳይወድቅ መዋል አለበት። ከወደቀ በቃ። ወንድሟ አዲስ አበባ የቢሮ ሥራ አግኝቶላት እሁድ መልሷን ይጠብቃል፤ ትሄዳለች፣ የሁለት ዓመት ልፋቷም እዚያው ይዘጋል።

ትዝታ ምግብ አልበላ አላት። ከሁሉ ያስፈራት ሐጂ ናቸው። እንግዶቹ ፊት፣ ሁሉም በሚሰማበት፣ ስለ አንዲት አህያ ሰኮና የአምስት ደቂቃ ድምፅ ቢልኩስ? ሐሙስ ዕለት ደወለችላቸው።

«ሐጂ፣ ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። አንቱ ብዙ ደክመዋል… ቅዳሜን ቢያርፉስ ብዬ ነው።»

«አትምጣ ነው?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ሐጂ…»

«እሺ። አላህ ያሳካልሽ።» ዘጉት። ስለ እናቷ እንኳ አልጠየቋትም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነባት። ዓርብን ሙሉ ስልኳን አየች፤ ከሐጂ ምንም የለም። አንድ ሰው ጎድሎባት ስትጨነቅ የሐጂ ልጅ ሀያት «በአባቴ ፋንታ እኔ እገባለሁ» ብላ ጻፈችላት። ሀያት አንድም ቀን ተጫውታ አታውቅም፤ ቢሆንም ቁጥር ትሞላለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ገበያው ተከፈተ። እንግዶቹ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከትዝታ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ኮምፒውተሯ ላይ አፈጠጡ። አርባውም ገቡ። ይዞራሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ጥለው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። አሥር ደቂቃ ሄደ፤ አንድ ሰው አልገዛም። ሃያ ደቂቃ ሄደ፤ አንድም።

«ለምንድን ነው የማይገዙት?» አለች ሴትዮዋ።

ትዝታ ውጭ ወጥታ ከሞካሪዎቹ አንዱ ለሆነው፣ ሐሙሲት ለሚኖረው ባለ ባጃጅ ለባዩ ደወለች። «ባዩ፣ ምን ሆናችሁ ነው?»

«ምን ነክቶሽ ነው፣ ትዝታ? ገበያ ሳይበተን ማን ይገዛል? መጨረሻ ላይ ርካሽ እንደሆነ እያወቅን!»

አሥር ሰው ሲገዛ የወደቀ ጨዋታ ነው፤ አርባው ሁሉ የመጨረሻዋን ደቂቃ እየጠበቀ ነው። አሁኑኑ ግዙ ብላ እንዳትጽፍ ተከልክላለች። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሰዓቱን እንዳታይ ዓይኗን ጨፈነች፤ መልሳ ከፈተች።

ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ «ሀያት» አንድ ጆንያ ስንዴ ፊት ቆመች። የጆንያውን ሥር መፈተሻ ነካች። ትዝታ ወደ ኮምፒውተሯ ጠጋ አለች። ከዚያ ገበያው ውስጥ ላለ ሁሉ የሚታየው ጽሑፍ ወጣ፦ ሀያት ሦስት ኩንታል ስንዴ ገዛች፣ በመጀመሪያው ዋጋ።

አልተከራከረችም። ቀጥሎ ጤፍ ገዛች፣ አሁንም በመጀመሪያው ዋጋ። ገብስም ደገመች።

የሞካሪዎቹ መወያያ ተናወጠ። «ይቺ የሐጂ ዑመር ልጅ አይደለችም እንዴ?» «ምን ልጃቸው፣ ራሳቸው ናቸው! ሥሩን ሲፈትሹ አላየህም?» «ሐጂ በመጀመሪያው ዋጋ ከገዙ ያወቁት ነገር አለ። ሊወደድ ነው!» መጀመሪያ ባዩ ገዛ። ከይፋግ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ከዚያ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስት። ገበያው ሲበተን ሳይገዙ የቆዩት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነሱ አንድ ላይ ሲገዙ ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመና ቀጠለ።

«በዚሁ እንቀጥላለን፤ ሰኞ ውሉን እንልክልሻለን» አለች ሴትዮዋ። ትዝታ አመሰግናለሁ ብላ የሁለቱንም እጅ ጨበጠች።

እሁድ ወሬው የእህል ተራውን አዳረሰው፤ ሐጂ ዑመር በመጀመሪያው ዋጋ ገዙ! የሠላሳ ዓመት ስም በአንድ ቀን ተሰባበረ። ነጋዴው ሁሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ ይጠራቸዋል፦ «ሐጂ፣ የእኛንም እንዲሁ ይግዙን እንጂ!»

ሰኞ ጠዋት ትዝታ መጋዘናቸው ሄደች። ክንዳቸው እስከ ብብታቸው የአንድ ገበሬ ጆንያ ውስጥ ገብቷል፤ ገበሬው ላቡን ይጠርጋል።

«ሐጂ፣ ለምን ገዙ?»

«ሲበተን ሊወድቅብሽ ነበራ። ሁሉም መጨረሻውን እንደሚጠብቅ አውቄያለሁ። ሐሙስ ልነግርሽ ስል ቀድመሽ ደወልሽ።»

ፊቷ ጋለ። እኒህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ነው የታወቃት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ። አይምጡ ስላልኩዎ።»

ሐጂ እጃቸውን ከጆንያው አወጡ። የያዙትን ስንዴ ሳያዩት መልሰው አፈሰሱት።

«ልጄ፣ እኔን አትምጣ ያላለኝ ሰው የለም። ሻጩም፣ ጎረቤቴም፣ አማቼም ብለውኛል። ተመልሶ የመጣ ግን አንቺ ነሽ።»