ደምስና ገብስማዋ ዶሮ

ሹፌሩ ደምስ ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት ያየው ሕልም እስካሁን ግራ እንዳጋባው ነው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከረጅም የመስክ ሥራ ሲመለስ ገብስማዋ ዶሮ እንቁላል መጣሉን ትታ ቅርጫት ውስጥ ተኮፍሳ አገኛት። ሚስቱ አስካለ ለቅሶ ሄዳለች፤ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። የአገሩን መላ ያውቃልና ዶሮዋን እግሯን አስሮ ጓዳ ውስጥ ቁልቁል ሰቀላት። ተሰቅላ ስትውል የመታቀፍ አመሏን ትረሳለች። ከዚያ ምሳውን በልቶ ተኛ።

በሕልሙ እሱ ራሱ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ከሥሩ የሚሞቅ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን እጅግ ይሳሳለታል። መነጽር ያደረገች ቄብ መጥታ ሸሚዙን እፍ ብላ ገለጠችና ደረቱን ዳሰሰች።

«ሥጋም የለው። የሀበሻ ነው የፈረንጅ?»

«የሀበሻ» አለ ደምስ።

«የሀበሻ ሰው አመሉ ይኸው ነው፤ መታቀፍ ይወዳል» አለ መዝገብ የያዘ አውራ ዶሮ። «ዘርህ ከየት ነው?»

«አባቴ ከመንዝ ነው።»

«ከመንዝ በፊትስ?»

ደምስ በጣቱ ቢቆጥር ከመንዝ አላለፈም።

«የእኔ ቅድመ አያት የሩቅ ምሥራቅ ጫካ ቀይ የዱር ዶሮ ነው» አለ አውራው እየተንጎራደደ። «ይሄ የራሱን እንኳ አያውቅም። ስቀሉት!»

ወዲያው ቤቱ ገበያ ሆነ፤ ደምስም ከመሀሉ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ሰዎች መሬት እየጫሩ ጥሬ ይለቅማሉ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አጥር ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ቀና ብሎ ያየው የለም። ባዶው ቅርጫት ከታች ይታየዋል።

«እሜቴ፣ አውርዱኝ! እየቀዘቀዘብኝ ነው!»

«ምኑ?» አለች ቄቧ።

ምኑ እንደሆነ ጠፋው። እንባው ወደ ግንባሩ ፈሰሰ።

«አንተ ሰውዬ!»

ደምስ ባነነ። አስካለ ከለቅሶ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። «ዶሮዋን ምን አድርጋህ ሰቀልካት? ዐሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፌያት፣ ነገ እኮ ሃያ አንድ ቀኗ ነው!»

ደምስ ሲያነሳት ከሥሯ ያለውን ዞር ብሎ እንኳ አላየም ነበር።

አስካለ ዶሮዋን ፈትታ ለቀቀቻት። ዶሮዋ ቅርጫቱን እንዳላየች አልፋ ወደ ደጅ ወጣች፤ መላው ሠርቷል። አስካለ ለብ ያሉትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ከሰባተኛው ውስጥ ቀጭን የጫጩት ድምፅ ተሰማት።

«ጋቢህን ግለጥ» አለችና ዐሥራ ሁለቱንም ጉያው ውስጥ ደረደረቻቸው። «ንቅንቅ እንዳትል።»

«ነገ መስክ እወጣለሁ እኮ!»

«ለአለቃህ ደውልና ታቅፌያለሁ በለው።»